«መጣሁ» የማይባልበት ቤት

የእህቴ ልጅ ሶስና ባለፈው ሰሞን መጥታ «አክስቴ፣ ውጭ አገር ልሄድ ነው። የምኖረው ብዙ ሰው አንድ ላይ በሚኖርበት ቤት ነው» አለችኝ። መኝታው የየግል፣ ማእድ ቤቱና ሳሎኑ የጋራ፣ ነዋሪው ከየአገሩ የተሰበሰበ። አንድም የምታውቀው ሰው የለም። «ምን ትመክሪኛለሽ?» ስትለኝ ስለ በር ቁልፍ፣ ስለ ወንድ፣ ስለ ምግብ እንድነግራት ጠብቃ ነበር። ያንን ሁሉ እናቷ ጨርሳዋለች፤ እህቴ ምክር ከጀመረች መርካቶ ደርሶ መመለስ ይቻላል። እኔ የምነግራት አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። እሱንም በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ጂንካ ላይ፣ በራሴ ጥፋት የተማርኩት ነው። እናንተም ጊዜ ካላችሁ ስሙኝ፤ በተለይ ልጃገረዶች።

ዘመኑ ደርግ ነው፤ የሰባዎቹ መጨረሻ ገደማ። እኔ የሃያ ሦስት ዓመት የደብረ ሲና ልጅ፣ በጤና ረዳትነት አዲስ የተመረቅሁ፣ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ የሚደርስ። ምደባ ሲወጣ ሩቅ የደረሳቸው ጓደኞቼ አለቀሱ። እኔ «ጂንካ» የሚለውን ሳነብ ደስ አለኝ። ምክንያቱ አባቴ ነበር። ነፍሱን ይማረውና ደግ ሰው ነው፤ ግን ስወጣ «ወዴት?» ስገባ «የት ነበርሽ?» ይላል። ውኃ ልቀዳ ስወርድ እንኳ ፀሐይዋን አይቶ ይለካኛል። ጂንካ ከዚህ ጥያቄ የቀናት መንገድ ትርቃለች፤ ለእኔ ከዚያ የበለጠ ውጭ አገር አልነበረም።

ያኔ ጂንካ ላይ አውሮፕላን የሚያርፈው ከተማው መሀል፣ ሣር ላይ ነበር። ሲመጣ መጀመሪያ ከብቱን ከሜዳው ማባረር አለ። ከዚያ ሜዳ ጥግ አንድ ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ሁለት ሴት የመንግሥት ሠራተኞች ተከራይተውት ሦስተኛዋን ክፍል ለእኔ ሰጡኝ። አንደኛዋ ሲስተር ሣራ ናት፤ አዋላጅ ነርስ፣ ከጨንቻ የመጣች ጋሞ፣ አርባን የዘለለች፣ ሳይጸለይ ማንም እህል እንዲነካ የማትፈቅድ። በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ስላት ግራና ቀኝ ተመለከተችና «ሌላ ሰው አለ እንዴ ከእኔ ጋር? እዚህ ቤት አንቱ የለም» አለችኝ። ሁለተኛዋ ማርታ፣ የገዘር ልጅ፣ የአሪ ሰው፣ አስተማሪ። ማርታ ቃል ቆጥባ የምትናገር ሴት ናት። አማርኛን ትምህርት ቤት ስለተማረችው ከእኔ ይልቅ ተጠንቅቃ ትይዘዋለች።

በደረስኩ ማግስት ሳሙና ልገዛ ተነሣሁና እንደ ልማዴ «መጣሁ» ብዬ ነጠላዬን አነሣሁ።

«ወዴት?» አለች ማርታ ከምታርመው ደብተር ቀና ሳትል።

«ሱቅ ነዋ። መጣሁ።»

«እዚህ ቤት መጣሁ አይባልም።»

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። «ታዲያ ምን ይባላል?» አልኳት።

«ሄድኩ ይባላል። የት፣ ከማን ጋር፣ መቼ እንደምትመለሺ።»

በቃ፣ አባቴ ቀሚስ ለብሶ ጂንካ ቀድሞኝ ደርሷል አልኩ። «ቃሉ ምን አደረገሽ? ያገሬ አማርኛ ነው።»

«ያገርሽ አማርኛ ይዋሻል» አለች። «ገና አልሄድሽም። እንዴት መጣሽ?»

እውነቴን ነው፣ አፍ ከፈታሁ ጀምሮ ስለው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አስቤው አላውቅም። ሱቅ ደርሼ እስክመለስ ሳብላላው ቆየሁ። ለመሄድ የተነሣ ሰው ለምን መጣሁ ይላል? ለማጽናናት ነው? ለመሸወድ ነው? ሳሙናውን ሳልገዛ ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንቅልፍ ነሣኝ። ማርታ ከዚህ ቃል ጋር ምን አላት? ሲስተር ሣራን ብጠይቃት «እሷን ጠይቂያት» አለች። ማርታን ብጠይቃት «አንድ ቀን» አለች። እኔ ደግሞ ካልነገሩኝ የራሴን ነው የምፈጥረው። አንድ እጮኛ ነበራት፣ ወታደር ነው፣ «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ ብዬ ጨረስኩት። ለእጮኛው መልክም ስምም አወጣሁለት። ማርታን ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር።

አዘንኩላት እንጂ ታዘዝኳት ማለት አይደለም። «ሄድኩ» እላለሁ፤ «ወዴት?» ሲሉኝ «ወደ ፊት» እላለሁ። ሲስተር ሣራ «የዚች ልጅ ምላስ እግዚአብሔር ይይልሽ ያሰኛል» ትላለች። አድሬ ብመጣ የት እንዳደርኩ ማወቅ ያለባቸው አይመስለኝም ነበር። ነፃነት ማለት ያ ነበር የሚመስለኝ።

ወር ከምናምን ቆይቶ ለክትባት አልዱባ ተላክሁ። የአልዱባ ገበያ በሳምንት አንዴ ነው የሚቆመው፤ እናቶችን ሰብስቦ ማግኘት የሚቻለው ያን ዕለት ብቻ ነው። ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ሁለቱም ቁርስ ላይ ሳሉ፣ ሆን ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ «መጣሁ» አልኩና ወጣሁ። የማርታን ፊት ዞር ብዬ ማየት ፈልጌ ነበር፤ ግን ሾፌሩ ጋሽ ለማ ቸኩሏል።

አልዱባን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት። ዐይኔን የት ላሳርፈው? በና፣ ሐመር፣ ፀማይ ተቀላቅሎ ቆሟል። ማር በቅል፣ ማሽላ በአቁማዳ፣ ቅቤ በቅጠል። ሴቶቹ ጸጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር አሽተውታል። ወንዶቹ በርኮቷቸውን ያስቀምጡና ያችው ትንሽ ዱካ ላይ ቁጭ፤ ሲተኙም እሷኑ ትራስ ያደርጓታል። አንዱን ሽማግሌ አስፈቅጄ ተቀመጥኩባትና ወደ ኋላዬ ወደቅሁ። ገበያው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ከዚያ በኋላ እናቶቹ ሳይፈሩኝ ቀረቡ።

ወደ ማብቂያው አንዲት የበና ሴት መጣች። ስሟ ናኮ እንደሆነ ኋላ ነው ያወቅሁት። የሁለት ዓመት የምትሆን ሴት ልጅ ታቅፋለች። ልጅቷን ስነካት ትኩሳቷ አስደነገጠኝ፤ ከግራ ጆሮዋ መግል ወጥቶ አንገቷ ላይ ደርቋል። ይኼ የክትባት ጉዳይ አይደለም፤ ፔኒሲሊን ያስፈልጋታል፣ ያውም ዛሬ። ናኮ የምታውቀው አማርኛ የገበያ ነው፤ ስንት፣ ጨምር፣ ነገ፣ ና፣ ሂድ። በእጄ ወደ መኪናው እያሳየሁ «መድኃኒት እዚያ አለ። እዚህ ዛፍ ሥር ቁጭ በይ። መጣሁ» አልኳት።

«መጣሁ?» አለች ወደ መሬቱ እያመለከተች።

«አዎ፣ መጣሁ።»

ቁጭ አለች። እኔ መኪናው ጋ ሄጄ ሣጥኖቹን ባገላብጥ የመድኃኒቱ ሣጥን የለም። የት እንዳለ ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ጂንካ፣ የቁርስ ጠረጴዛችን ላይ። በነገር ልወጋቸው ስቸኩል ትቼው ወጥቻለሁ። ጋሽ ለማ ደግሞ «በላይነሽ፣ ቶሎ ግቢ፤ ላይኛው አገር ጠቁሯል። ወንዙ ሳይሞላ እንለፍ» ይለኛል። ወንዙ በጋውን አሸዋ ብቻ ነው፤ ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን ድንገት ይመጣል።

ዞር ስል ናኮ ታየኛለች። መሀላችን ስልሳ እርምጃ አይሆንም። ልጅቷን ትንሽ ከፍ አደረገቻት፤ እንዳልረሳት መሆኑ ነው። ያቺን ስልሳ እርምጃ ሄጄ «የለም» ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ። ከጠዋት ጀምሮ «ሐኪም፣ ሐኪም» ሲሉኝ ውለው፣ ባዶ እጄን ሄጄ ረሳሁት ልበል? ሲመሽ ትሄዳለች አልኩ ለራሴ። እኔስ ስንት ሰው «መጣሁ» ብሎኝ ቀርቷል፣ ምን ሆንኩ? መኪናው ውስጥ ገባሁ። ወንዙን እኛ እንደተሻገርን ጎርፉ ከኋላችን ሲመጣ ድምፁን ሰማነው።

ማታ እራት ቀርቦ፣ ተጸልዮ፣ ስለ ገበያው አወራሁላቸው። በርኮቶ ላይ መውደቄን ስነግራቸው ሲስተር ሣራ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። በሳቁ መሀል ሣጥኑን መርሳቴን፣ አንዲት እናት ጠብቃኝ እንደነበር፣ አለሳልሼ ጣል አደረግሁት።

ማርታ መብላቷን አቆመች። «ምን ብለሻት ነው የተነሣሽ?»

እንጀራዬን መቁረስ ቀጠልኩ።

«ምን አልሻት?»

«መጣሁ።»

«እዚያው ናት» አለች ማርታ።

«ኧረ ተይ፤ ሰው ሁሉ ሄዶ ብቻዋን ምን ትሠራለች?»

ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። እጮኛ የለም፣ ወታደር የለም። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ትምህርት ቤት ልታስመዘግባት ከገዘር ጂንካ በእግሯ ይዛት መጣች። እናቷ አማርኛ የምትለቅመው አንድ አንድ ቃል ነው። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ «መጣሁ» ብሎ በሩን ቆልፎ ወጣ። መጣሁ ካለ መጥቷል ማለት ነው፤ እናቷ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ያ ቀን ዓርብ ነበር። ቅዳሜንም እሑድንም እዚያው ዋሉ፤ የያዙት ጎደሬ እሑድ ጠዋት አለቀ። ሰኞ ጸሐፊው መጣና «ምዝገባ ዓርብ አብቅቷል፣ የዛሬ ዓመት» አላቸው። «እናቴ ተነሥታ አቧራዋን አራግፋ፣ 'ይኼን ቋንቋ ተማሪው፤ ግን እንደነሱ አትናገሪው' አለችኝ» አለች ማርታ።

ሲስተር ሣራ ተነሥታ መርፌ ልትቀቅል ውኃ ጣደች።

በማግስቱ መኪናችን ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ንጋት ላይ ጨው የጫነ የጭነት መኪና እስከ ቀይ አፈር ከተማ አደረሰን፤ ከዚያ ወዲያ እኔና ማርታ በእግራችን። ማርታ የመጣችው የበና ቋንቋ ስለምትሰማ ነው፤ ከአጎቷ ጋር ማር ስትነግድ የለመደችው ነው። መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም። ወንዙ ጎድሎ ከባታችን ላይ ደረሰ፤ ተሻገርን። አልዱባ ስንገባ ፀሐይ አናት ላይ ነች። ከሩቅ ዛፉን አየሁት። ሥሩ ባዶ ነው።

ደስታዬን ምን ልበላችሁ። «አላልኩሽም? ሄዳለች» አልኳት ለማርታ።

ማርታ ዛፉ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገባች። ባለ ሱቁ ከጎፋ የመጣ ሽማግሌ ነው። «ያቺ ልጅ የታቀፈችው? እዚሁ ነው ያደረችው» አለ። «ሐኪሟ ሄዳለች ብላት 'መጣሁ ብላለች' ትለኛለች። እኔ ከሱቄ ጣራ ሥር አስገባኋት። ጠዋት ከወዲያ ማዶ የመጡ ሰዎች ትላንት ወንዙ ሞልቶ ነበር ሲሉ ሰማች። በቃ፣ ተነሥታ ወደ ወንዙ ሄደች።»

«ምን ልታደርግ?» አልኩት።

ሽማግሌው ደንቆት አየኝ። «እንዴ፣ መጣሁ ብላ የቀረችውን ልትፈልግ ነዋ። ውኃ ወስዷት ነው እንጂ መቼም አትቀርም ነው የምትለው።»

ከቆምኩበት ያነቃነቀችኝ ማርታ ናት። የሮጥን ይመስለኛል፤ አላስታውስም። ወንዙ ዳር ስንደርስ መሻገሪያውን ትተን ወደ ታች፣ ውኃው ወደሚፈስበት ወረድን። ብዙ ሄደን፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አየናት። ልጅቷን በቆዳ አዝላለች። ጎርፉ አምጥቶ የከመረውን ግንድና ቅርንጫፍ በረጅም እንጨት እየወጋች፣ ጎንበስ እያለች ወደ ውስጡ ታያለች። ሬሳዬን ነበር የምትፈልገው።

ቀና ስትል አየችኝ። እንጨቱን ጥላ መጣችና እጅጌዬን ያዘች። የቀሚሴን ጠርዝ ጨመቅ አደረገችው፣ ጸጉሬን ዳሰሰችው። አንድ ነገር ደጋግማ ትናገራለች። ማርታ አትተረጉምም።

«ምን አለች?»

«ውኃው የት ጋ አወጣሽ ነው የምትለው።»

መጀመሪያ ልጅቷን ተቀበልኳት። ዐይኗን መክፈት አቅቷታል፤ መግሉ በዝቷል። መርፌውን ወጋኋት፣ ውኃ በጠብታ አጠጣኋት። አለቀሰች፤ ማልቀስ መቻሏ ራሱ ደስ አለኝ። ናኮ አጠገቤ ቁጢጥ ብላ አንዴ ልጇን፣ አንዴ እኔን ታያለች። የምታየኝ ተርፌ እንደመጣሁ አድርጋ ነው።

ማርታ በአማርኛ ቀስ ብላ «ምን ልበላት?» አለችኝ። «ወንዙ ከለከለኝ ልበላት? ሞልቶ ነበር እኮ፣ ውሸት አይሆንም።»

ያን ያህል ጨክና ዝም ብላኝ ውላ፣ እዚያ ላይ መውጫ ሰጠችኝ። እውነት ለመናገር አማረኝ። ግን እጅጌዬ ላይ የናኮ ጣት የተወው ቀይ አፈር አለ። «አይደለም» አልኳት። «ወንዝ አልያዘኝም በያት። መድኃኒቱን ረስቼ መጥቼ ነበር። የለም ማለት አሳፈረኝና ትቻት ሄድኩ በያት። አንድም ቃል አታስቀሪ።»

ማርታ ነገረቻት። ናኮ እስክትጨርስ አዳመጠች። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትመታኝም እችለው ነበር። አንድ አጭር ነገር ብቻ ተናገረች።

«'የለም' ብትለኝ በመኪናችሁ ተሻግሬ ትላንትና በፀሐይ ቀይ አፈር ክሊኒክ እደርስ ነበር አለች» አለችኝ ማርታ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ከልጅቷ ድምፅ በላይ አለቀስኩ።

ናኮንና ልጇን ይዘን ወጣን፤ ቀይ አፈር አድረን ጂንካ ገባን። ስድስት ቀን ቤታችን ተቀመጡ። ሲስተር ሣራ አልጋዋን ለቀቀችላቸው፤ እኔ መርፌውን ወጋሁ። የልጅቷ ትኩሳት በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። በእነዚያ ቀናት የቤቱን ሕግ ያከበረ ሰው ቢኖር ናኮ ናት። ውጭ ልትወጣ ስትል እኔ ፊት ትቆምና የምትሄድበትን በአገጯ ታሳየኛለች። እኔም ስወጣ እስክነግራት በሩን አትለቅልኝም፤ «የት?» ትላለች። ከአባቴ አፍ እንደ ሬት የመረረኝ ቃል ነው። ከእሷ አፍ ስሰማው ግን የወንዙ ዳር እንጨት ይታየኛል።

ለሶስና የነገርኳት ይኼን ነው። ሰው ሲጠይቅሽ ሁሉ ሊያስርሽ አይደለም፤ አባቴም ምናልባት ሊያስረኝ ብቻ አልነበረም፤ አሁን ጠይቄው አልረዳ። ባዕድ አገር፣ ከማታውቂያቸው ሰዎች ጋር ስትገቢ የሚያምር ክፍል አትፈልጊ። ብትቀሪ እንጨት ይዛ ወንዝ ለወንዝ የምትፈልግሽ አንዲት ሴት ፈልጊ። እሷን እስክታገኚ የምትሄጂበትን ሳትናገሪ አትውጪ፤ በየት በኩል እንደምትፈልግሽ እንኳ ትወቅ። የእናንተን ቋንቋ ጠንቅቆ ለማያውቅ ሰው ደግሞ አፋችሁ ላይ የመጣውን አትናገሩ። እናንተ እንደ ሰላምታ የወረወራችሁትን እሱ እንደ መሐላ ይቀበለዋል። በሰው ቋንቋ መሀል እናንተም ያው ናችሁ፤ «በኋላ እንገናኝ» ያላችሁን ሁሉ ቁጭ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፤ ጠይቁ፣ መቼ? የት? በሉ። ሞኝ ቢሏችሁ ይበሏችሁ። «የለም»፣ «አልችልም»፣ «ረሳሁት» ማለትንም ተለማመዱ፤ ለመናገር አንድ ደቂቃ ታሳፍራለች እንጂ አትገድልም።

ሶስና በስልኳ ስትጽፍ ቆይታ ቀና አለች። «አክስቴ፣ ልጅቷስ?» አለችኝ።

ይህን ባትጠይቀኝ እወድ ነበር። ልጅቷ ዳነች፤ አደገች፤ ቆንጆ ሆነች። ግራ ጆሮዋ ግን አይሰማም። በዚያች በአንዷ ሌሊት ይሁን ቀድሞ የተጎዳ ይሁን አላውቅም። ትልልቅ ሐኪሞችን መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። አልዱባ በሄድኩ ቁጥር ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ማር ስትሸጥ አገኛታለሁ። ብዙ ጊዜ ረስቼ ከተሳሳተው ወገን ቆሜ ስሟን እጠራለሁ፤ ዞር አትልም። ናኮ ትነሣና ትከሻዬን ይዛ በዝግታ ወደ ቀኟ ታዞረኛለች። «እዚህ» ትለኛለች በአማርኛ፤ «ከዚህ ጥሪያት።»